የሚያስፈራ ውበት፦ የቱፓክ ሻኩር አጭር ዕድሜ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ዘፋኝ ነው። ዘፋኝ ማለቴ ራሱ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ሰውየው ይለፈልፋል እንጂ መች ይዘፍናል የምትሉ አትጠፉምና። ስሙ ቱፓክ ሻኩር ነው። በ1971 ተወልዶ በ1996፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በጥይት ተመትቶ ሞተ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። እሱም እዚህ ኖሯል። ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ የሚያልፈው የማክአርተር ጎዳና ከፊሉ ከ2023 ወዲህ በስሙ ይጠራል።

እንድጽፍ የገፋፋኝ ለብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ አንድ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ የሚያስፈራ ነገር ለምን ደስ ይለናል? ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ሙዚቃ መምረጥ ይወዳል። ጭምት የባንክ ሠራተኛ፣ መነጽር ያደረገች ተማሪ፣ ከተረኛነት የወጣች ነርስ፣ ሁሉም ቱፓክን ክፈትልን ይሉኛል። ሞትን በስሙ የሚጠራ፣ በጠላቱ ላይ የሚዝት ድምፅ መኪናዋን ሲሞላት ፊታቸውን በመስታወት አየዋለሁ። የፈራ ሰው ፊት አይደለም። ያልፈራ ሰው ፊትም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮ በድንገት ሲመታ ያየሁት ዓይነት ፊት ነው።

ለዚህ ስሜት አማርኛችን ጥሩ ቃል አለው፤ እኛው አለዘብነው እንጂ። ዛሬ ግሩም ምግብ፣ ግሩም ልጅ እንላለን፤ ጥሩ ለማለት ነው። በግእዝ ግን ግሩም ማለት የሚያስፈራ፣ ሲያዩት የሚያርድ ማለት ነው። ግርማም የዚያው ቃል ዘመድ ነው። የአንበሳ ግርማ፣ የንጉሥ ግርማ፣ የሌሊት ግርማ ስንል ውበትንና ፍርሃትን በአንድ ትንፋሽ እንጠራለን። ገረመኝ የሚለውም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። ፈረንጆቹ ይህን ስሜት ሰብላይም ይሉታል፤ ብዙ መጽሐፍም ጽፈውበታል።

ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ ኤድመንድ በርክ የተባለ የአየርላንድ ሰው ነው። በ1757፣ ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ፣ ውበትንና ግርማን የሚለይ መጽሐፍ አወጣ። በእሱ አስተያየት ውብ ነገር ትንሽ፣ ለስላሳና ገር ነው፤ እንወደዋለን። ግርማ ያለው ነገር ግን ግዙፍ፣ ሸካራ፣ ጨለማ የለበሰና ኃይለኛ ነው፤ ይበልጠናል፣ ሊያጠፋንም ይችላል። ስለ ድምፅም ጽፏል። በጸጥታ መካከል የትልቅ ሰዓት ደወል ሲመታ፣ ከበሮ አንድ ጊዜ ተመትቶ ዝም ብሎ እንደገና ሲመታ ነፍስ እንደምትደነግጥ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ይህ የተጻፈው ሂፕ ሆፕ ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሰውየው የዚህን ዘመን ባለ መኪና ጎረምሳ ድምፅ ማጉያ የሰማ ነው የሚመስለው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ያወጣት የከበሮ መሣሪያ አለች፤ 808 ይሏታል። የእሷ ወፍራም ድም ከጆሮ ይልቅ በደረት ነው የሚሰማው። የታክሲዬን የኋላ ሰሌዳ ስታንቀጠቅጥ ኖራለች።

በርክ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ፍርሃቱ ደስታ የሚሆነው አደጋው ከእኛ ራቅ ሲል ብቻ ነው። ማዕበሉን ከዳር ሆኖ ያየ ይደነቃል፣ ውስጡ ያለው ግን ይሰምጣል። የቱፓክን ሕይወት ስመረምር ያገኘሁት ነገር ቢኖር ይህ ልዩነት ነው። እኛ አድማጮቹ ከዳር ነበርን። እሱ መጀመሪያ መድረክ ላይ ሆኖ አስፈሪውን ተጫወተ፤ ከዚያ ከመድረኩ ወርዶ ገባበት።

እናቱ አፌኒ ሻኩር ትባላለች፤ የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበረች። በ1969 ከሃያ ጓዶቿ ጋር በኒውዮርክ ሕንፃዎችን በቦምብ ለማፈንዳት አሲራችኋል ተብለው ተከሰሱ። የሕግ ትምህርት የሌላት ሴት ጠበቃ አልፈልግም ብላ ራሷ ቆማ ተከራከረች። እርጉዝ ሆና እስር ቤት ገባች። በግንቦት 1971 ሁሉም በነፃ ተሰናበቱ፤ በወሩ ሰኔ 16 ቀን ልጁ ተወለደ። ኋላ ያወጣችለት ስም ቱፓክ አማሩ ነው። ቱፓክ አማሩ ዳግማዊ በአንዲስ ተራሮች የነባሩን ሕዝብ አስተባብሮ በስፔን ገዢዎች ላይ የተነሣ፣ በ1781 ኩስኮ ከተማ አደባባይ በጭካኔ የተገደለ መሪ ነበር። መቼም እኛ ሀገር ስም ዝም ብሎ አይወጣም፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ለዚህ ልጅ ገና በጡት ሳለ አንድ የአመፅና የሰማዕትነት ታሪክ ተሸክሞ እንዲያድግ ሆኗል። የእንጀራ አባቱ ሙቱሉ ሻኩር ለዓመታት በፖሊስ ተፈልጎ በኋላም ታስሮ የኖረ ሰው ነው። የክርስትና አባቱ ጀሮኒሞ ፕራት 27 ዓመት ከታሰረ በኋላ ፍርዱ ተሽሮለታል። በዚያ ቤት ፖሊስ፣ እስር ቤትና ሞት የእራት ወሬ ነበሩ።

ድህነቱም አልቀረም። ቤተሰቡ ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ ይዘዋወር ነበር። ይሁን እንጂ ልጁን መድረክ ጠራው። በ1984 ሃርለም በሚገኘው አፖሎ ቲያትር በሎሬን ሃንስበሪ ድርሰት ላይ ትንሹን ልጅ ትራቪስን ሆኖ ተጫወተ። ከዚያም ባልቲሞር ተዛወሩና የከተማው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ትወና፣ ግጥም፣ ባሌ ተማረ። ሼክስፒርን አነበበ። እዚህ ላይ ሁሌም የሚገርመኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቻይኮቭስኪ ነትክራከር የሚባለውን ባሌ ታውቁት ይሆናል፤ በየገናው ሕፃናት ይዘን የምንሄድበት፣ በረዶና ከረሜላ የሞላበት ውብ ጭፈራ ነው። ቱፓክ በዚያ ባሌ የአይጦቹ ንጉሥ ሆኖ ጨፍሯል። በዚያ ሁሉ ጣፋጭ መካከል የሚያስፈራው ገጸ ባሕርይ እሱ ብቻ ነው።

በ1988 ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ካሊፎርኒያ መጣ። የሰፈረው ማሪን ሲቲ ነው። ጎልደን ጌት ድልድይን ተሻግሮ ጥቂት እንደሄዱ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ሰፈር ሲሆን ዙሪያውን የሚኖሩት የአሜሪካ ሀብታሞች ናቸው። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ ቱሪስት ድልድዩንና ጉሙን፣ ገደሉንና ውቅያኖሱን አይቶ አፉን ይከፍታል፤ ያ የበርክ ግርማ ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ክራክ የሚባለው ኮኬይን ቤት እያፈረሰ ነበር። አፌኒም ሱሰኛ ሆነች። ያቺ ችሎት ፊት ቆማ ከመንግሥት ጋር የተሟገተች ሴት! ልጁ በሰው ቤት እያደረ ኖረ። በዚህ ጊዜ የሚጽፋቸው ግጥሞች ለስላሳ ነበሩ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ብቸኝነት፣ በሲሚንቶ መካከል ስለበቀለች ጽጌረዳ። ከሞተ በኋላ በ1999 በመጽሐፍ ወጥተዋል። ውብ ናቸው፤ ግሩም አልላቸውም።

ኦክላንድ ውስጥ ዲጂታል አንደርግራውንድ የሚባል ቀልደኛ ቡድን ነበር። በ1990 ዕቃ ተሸካሚና ተወዛዋዥ አድርጎ ቀጠረው። በቀጣዩ ዓመት አንድ ዘፈናቸው ላይ ድምፁ ተሰማ፤ በኅዳር 1991 ደግሞ የራሱ አልበም ወጣ። የአልበሙ ርእስ ስሙን ከዕለተ ምጽአት ጋር ያጋባ ነው። ጋዜጣ ላይ ካነበበው ዜና ተነሥቶ ስለ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ የሠራው ዘፈን እዚያ ላይ አለ፤ የገዛ ዘመዷ አስረግዟት፣ የወለደችውን ወደ ቆሻሻ መጣያ የምትጥል፣ መጨረሻዋም የማያምር ልጅ። ስትሰሙት ዘፈን መሆኑን ትረሳላችሁ። የለቅሶ ቤት ሙሾ ነው። አልቃሿ ሟቹን በዝርዝር እያነሣች፣ ልጅነቱን፣ አካሄዱን፣ አሟሟቱን እያወሳች ሕዝቡን እንደምታስለቅሰው ሁሉ እሱም አንዱን ነገር በሌላው ላይ ይደርባል እንጂ አይፈርድም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ እዚሁ ኦክላንድ መሐል ከተማ፣ ባልተፈቀደ ቦታ መንገድ ተሻገርክ ብለው ፖሊሶች አስቆሙት። መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት። አሥር ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቆ ከሰሰ፤ ጉዳዩ በአርባ ሺህ ዶላር ገደማ በስምምነት አለቀ። በ1992 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ፖሊስ የገደለ ወጣት ይህን አልበም ሲያዳምጥ ነበር ተባለና የሀገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል ካሴቱ ከገበያ እንዲወጣ በአደባባይ ጠየቁ። የ21 ዓመት ልጅ ዋይት ሐውስን አስፈራ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ወጣት ምን ያህል እንደሚያሰክር ገምቱት።

ያው ዓመት ጁስ የሚባል ፊልም አሳየ። ቢሾፕ የሚባል የሃርለም ልጅ ሆኖ ይተውናል። ቢሾፕ ሽጉጥ ያገኛል፣ ሰዎች ሲፈሩት ያያል፣ ያ ፍርሃት ይጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምግብ የለውም። ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከቱፓክ ሥራዎች ሁሉ አስፈሪው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰዎች ኋላ ቢሾፕ ሆኖ ቀረ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ተዋናይ የነበረ ሰው መድረክና ሕይወት ይለያያሉ ብሎ ያምናል፤ ችግሩ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ተዋንያን አልነበሩም፣ ጠመንጃዎቹም እውነተኛ ነበሩ።

በነሐሴ 1992 ማሪን ሲቲ ውስጥ በተደረገ የአደባባይ በዓል ላይ ቱፓክና አብረውት የመጡት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተጣሉ። ጥይት ተተኮሰ፤ ብስክሌት ላይ የነበረ የስድስት ዓመት ሕፃን ሞተ። መሣሪያው በቱፓክ ስም የተመዘገበ ነበር። በወንጀል የተከሰሰ ባይኖርም የልጁ ቤተሰብ በፍትሐ ብሔር ከሰው በካሳ ተጠናቋል። ግርማ፣ ሰብላይም፣ ምናምን እያልን ስንፈላሰፍ ይህን ሕፃን ልንዘለው አይገባም። እሱ ከዳር ቆሞ የሚያይ አልነበረም።

አሁን ስለ ድምፁ ላውራ፤ የነገሩ እምብርት እዚያ ስለሆነ። አብረውት የሠሩ የስቱዲዮ ባለሙያዎች ደጋግመው እንደሚመሰክሩት ቱፓክ መጠበቅ አይችልም ነበር። ግጥሙን እዚያው ይጽፋል፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለዋል። ከዚያ በዚያው ላይ ያንኑ ግጥም ደግሞ ይቀዳል፤ አንዳንዴም ሦስተኛ። ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም አይገጥሙም፤ አንዱ በጥቂቱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ትንፋሹ ይለያያል። ውጤቱ ምንድን ነው? የአንድ ሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሕዝብ ይሆናል። በርክ ግዙፍነት ከግርማ ምንጮች አንዱ ነው ሲል ስለ ውቅያኖስና ስለ ተራራ ነበር የሚያስበው። ቱፓክ ግን ያንን ስፋት ከአንድ ጉሮሮ አወጣው። የአነጋገሩም አካሄድ የሰባኪ ነው፤ አናባቢውን ያስረዝመዋል፣ የስንኙን መጨረሻ ይጫነዋል። ከእሱ የፈጠነ፣ ቃል በማገጣጠም የረቀቀ ራፐር ሞልቷል። በርቀት ሰምታችሁት ክርክር ያለበትን ክፍል ዝም የሚያሰኝ ግን እምብዛም አላውቅም።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። ፉከራና ሽለላ፣ ቀረርቶ የምንለው ምንድን ነው? ጀግናው ይነሣል፣ ጦሩን ይነቀንቃል፣ ዘር ማንዘሩን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ሞትን ይንቃል። የሰማው ሁሉ ጸጉሩ ይቆማል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ነገር ግን ፉከራ ቦታና ጊዜ አለው፤ ከዘመቻ በፊት ወይም ከዘመቻ መልስ፣ በግብር ላይ፣ በሠርግና በለቅሶ። ፎክሮ የጨረሰ ሰው ተቀምጦ ጠጁን ይጠጣል። የቱፓክ ፉከራ የመቀመጫ ሰዓት አልነበረውም። በ1996 በኒውዮርኮቹ ባላንጣዎቹ ላይ ያወጣው የስድብ ዘፈን በድምፅ ኃይሉ ወደር የለውም፤ ግን የሰው ስም፣ የሰው ሚስት እየጠራ የሚዝት ነው፤ ከዘፈን ወጥቶ የጦርነት ማወጃ ሆኗል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1993 መጨረሻ እሱና አብረውት የነበሩ ሰዎች ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ በአንዲት ወጣት ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጸሙ ተብለው ተከሰሱ። ኅዳር 30 ቀን 1994፣ ፍርዱ እየተጠበቀ ሳለ፣ ማንሃተን ኳድ ስቱዲዮ መግቢያ ላይ ዘራፊዎች አምስት ጥይት መቱት። ቀዶ ጥገና በተደረገለት በሰዓታት ውስጥ ከሆስፒታል ወጣ፤ በማግሥቱ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ በተሽከርካሪ ወንበር ችሎት ቀረበ። ዳኞቹ ከከባዶቹ ክሶች ነፃ አድርገው በወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ አሉት። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። እሱ ጥቃቱን አልፈጸምኩም እንዳለ ነው የሞተው።

ልጄ ኮሌጅ ከገባች በኋላ አባዬ፣ ይህን ሰው እንዴት ታደምጠዋለህ ብላ ጠይቃኛለች። ስለ እናቱ የሠራውን ዘፈን፣ ስለ ሴቶች ክብር የሠራውን አነሣሁላት። እሷም እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ያቺ ሴት ግን አልዘፈነችም አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የሚያስገርመው እናቱን እንዲያ ያከበረው ድምፅና ሌሎች ሴቶችን እንዲያ ያዋረደው ድምፅ አንድ መሆኑ ነው። ኃይሉም አንድ ነው። ግርማ ጥሩ ሰውን መርጦ አያርፍም።

እስር ቤት ሳለ በመጋቢት 1995 ሦስተኛ አልበሙ ወጣ፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ታስሮ ሳለ እዚያ የደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። ለእናቱ የሠራው ዘፈን እዚህ ላይ ነው፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2010 ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መካከል መዝግቦታል። ሱሷንም ፍቅሯንም ሳይደብቅ በአንድ ላይ ያነሣል። በየስደቱ ያለን ሰዎች ይህን ዘፈን ለምን እንደምንወደው ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔ በበኩሌ ከአልበሙ ሁሉ የሚያርደኝ ሌላው ነው፤ ገና በ23 ዓመቱ የራሱን ሞት አጠገቡ እንደተቀመጠ እንግዳ የሚያናግርበት ክፍል። ድምፁ እዚያ ዝቅ ያለ ነው። ጩኸት የሌለው ፍርሃት ከጩኸቱ ይብሳል።

በጥቅምት 1995 በ1.4 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ወጣ። ዋሱን ያመቻቸው ሹግ ናይት ነው፤ ዴዝ ሮው የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ባለቤት። በምላሹ ቱፓክ ለኩባንያው አልበሞች ሊሠራ ፈረመ። በወራት ውስጥ በየካቲት 1996 ባለ 27 ዘፈን ድርብ አልበም አወጣ። የተጨናነቀ፣ የድል ድግስ የመሰለ አልበም ነው። ብዙ ሰው ከሁሉ ይበልጣል ይላል፤ ለእኔ ግን ግማሹ ጭፈራ ነው። እስር ቤት ማኪያቬሊን አንብቦ ነበርና ስሙን ማካቬሊ ብሎ ለወጠ፤ በነሐሴ ወር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ አልበም ቀዳ። ግሩም የምለው ይህኛውን ነው። ከዘፈኖቹ በአንዱ የማርያምን ስም የሚጠራው ጸሎት ርእስ ሆኖ ይገባል፤ ከበሮው ዝግ ያለ ነው፤ ደወል የመሰለ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። በርክ ሌሊት ሲመታ የሰማው ያ ትልቅ ሰዓት! ጸሎቱ ከዛቻ ጋር ይፈራረቃል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ ያልቃል።

መስከረም 7 ቀን 1996 ላስ ቬጋስ ሄዶ ማይክ ታይሰን ብሩስ ሴልደንን በመጀመሪያው ዙር ሲዘርረው አየ። ከውድድሩ እንደወጡ በሆቴሉ አዳራሽ እሱና ጓደኞቹ ኦርላንዶ አንደርሰን የተባለ ወጣት ደበደቡ። ማታ አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሹግ ናይት የሚነዳው ጥቁር ቢኤምደብሊው መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ነጭ ካዲላክ መጥቶ ጎኑ ላይ ቆመ። አራት ጥይት መታው። ስድስት ቀን ቆይቶ ዓርብ መስከረም 13 ሞተ። አንደርሰን በ1998 በሌላ ግጭት ተገደለ። የቱፓክ ባላንጣ የነበረው ኖቶሪየስ ቢአይጂ በመጋቢት 1997 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ ተገድሏል፤ 24 ዓመቱ ነበር። የቱፓክ ገዳይ ለ27 ዓመት ሳይያዝ ኖረና በ2023 ዱዌን ዴቪስ የተባለ የአንደርሰን አጎት በግድያው ተከሶ ታሰረ። ክሱን አልተቀበለም።

ማካቬሊ የተባለው አልበም በኅዳር ወር፣ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ወጣ። ሞቱን ሲጠራ የነበረው ድምፅ ከሞቱ በኋላ ሲሰማ ሰው ምን ይበል? አልሞተም፣ ተደብቋል፣ ይመለሳል የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። አዲስ አበባም ፀጉር ቤቶች ግድግዳ ላይ ፎቶው ተለጥፎ ነበር። በሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ምስሉ ያለበትን ካናቴራ የለበሱ ተዋጊ ወጣቶች ታይተዋል። ከኒውዮርክ መድረክ የተነሣው ፍርሃት ፍሪታውን ድረስ ሄደ፤ በዚያም የሞቱት ሰዎች በእውነት ነው የሞቱት።

በሚያዝያ 2012 እዚሁ ካሊፎርኒያ ኮቼላ በሚባለው የሙዚቃ በዓል ላይ ቱፓክ መድረክ ላይ ታየ። ደረቱን ገልጦ፣ ንቅሳቱ ሳይቀር፣ ያንኑ የደወሉን ዘፈን አቀረበ። በብርሃን የተሠራ ምስል ነበር። ዘዴውም አዲስ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ቲያትር ቤቶች በመስታወት ነጸብራቅ ሙት መንፈስ የሚያሳዩበት ነው። ቪዲዮውን ከልጄ ጋር አየነው። እሷ ጥሩ ተሠርቷል አለች፤ እውነትም ጥሩ ተሠርቷል። ድምፁ ያው ነው፣ እንቅስቃሴው ያው ነው። ግን ያ ምስል ምንም ሊደርስበት አይችልም። ምንም ሊደርስበት ስለማይችልም አላስፈራኝም፤ ቆንጆ ነበር። ቪዲዮው ሲያልቅ የድሮውን ቅጂ አውጥቼ ከፈትኩ።